ኒሻንና መርዶ ከአንድ እጅ፤ የጆርጂያዊው ባለ ቅኔ የጋላክቲዮን ታቢዜ ሕይወት

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ተነጥላ እንደማትኖር፣ የኪነት ሰውም ከዘመኑ ፖለቲካ ሸሽቶ የሚጠለልበት ዋሻ እንደሌለው ዘወትር የሚነገር ሐቅ ነው። ይህ ሐቅ ግን ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ደራሲው ለሕዝቡ ያለበትን ኃላፊነት ይመለከታል፤ ስለዚህ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ሁለተኛው ሥልጣን የያዘው ክፍል ለደራሲው ያለበትን ኃላፊነት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ስለዚህኛው የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፋችን ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት አማካይነት ለመመርመር እንሞክራለን። ሰውየው በካውካሰስ አገር በጆርጂያ ተወልዶ፣ አብዮትን በዐይኑ አይቶ፣ ከሶቪየት መንግሥት ከፍተኛውን ኒሻን ተቀብሎ፣ በዚያው መንግሥት እጅ ሚስቱንና የሥጋ ዘመዱን የተነጠቀው ባለ ቅኔ ጋላክቲዮን ታቢዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንሻለን።

አንድ የነዋሪዎች ማኅበር አባል ወይም በፋብሪካ የሚሠራ ወዛደር፣ «የሩቅ አገር ባለ ቅኔ ታሪክ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አጭር ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰው ያጠፉት የፀጥታ ሹማምንት ብቻ አይደሉም። ስብሰባ ተጠርቶ፣ አጀንዳ ቀርቦ፣ የውሳኔ ሐሳብ ተነቦ፣ እጅ ወጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ጭምር ነው ሰው የጠፋው። ስለዚህ በስብሰባ ላይ የሚቀመጥና ድምፅ የሚሰጥ ሁሉ ታሪኩ ይመለከተዋል።

ባለ ቅኔና አገሩ

ጆርጂያ በጥቁር ባሕር ዳር፣ በታላቁ የካውካሰስ ተራሮች ሥር የምትገኝ፣ በስፋቷ አነስተኛ የሆነች አገር ናት። ሕዝቧ እንደ እኛው ሁሉ የራሱ ፊደል ያለው፣ ከ1,500 ዓመት በላይ የሚቆጠር የጽሑፍ ታሪክ ያካበተ ሕዝብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ግን የሩሲያ ዛሮች ነገሥታቷን ሽረው የግዛታቸው አካል አደረጓት። የገዛ መንግሥቱን ያጣ ሕዝብ አንድነቱን የሚጠብቀው ከሁሉ በፊት በቋንቋው በመሆኑ፣ ጆርጂያውያን ባለ ቅኔዎቻቸውን ከሹማምንቶቻቸው አብልጠው ያከብሩ ጀመር። እንደ ኢሊያ ቻቭቻቫዜና አካኪ ጼሬቴሊ ያሉት የዚያ ዘመን ደራስያን ግጥም ከመጻፍ አልፈው ጋዜጣ ያዘጋጁ፣ ማንበብና መጻፍ በሕዝቡ ዘንድ እንዲስፋፋ ይደክሙ፣ ስለ ገበሬው በደል ይናገሩ ነበር። ከዚህም የተነሣ በጆርጂያ «ባለ ቅኔ» መባል ታላቅ ክብር የመሆኑን ያህል ታላቅ ሸክምም ነበር።

ጋላክቲዮን ታቢዜ የተወለደው በ1890ዎቹ መግቢያ ላይ በምዕራብ ጆርጂያ በምትገኘው በችቅቪሺ መንደር ነው። የመንደር መምህር የነበረው አባቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት በመሞቱ አባቱን ሳያውቅ አደገ። በኩታይሲ ከተማ፣ ቀጥሎም በዋናው ከተማ በትብሊሲ በሚገኘው የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ተማረ። ይህ የትብሊሲ ትምህርት ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎሪ ከተማ የመጣ ዮሴፍ ጁጋሽቪሊ የተባለ የጫማ ሠሪ ልጅ የተማረበት ነው። ያን ልጅ ዓለም በኋላ ስታሊን በሚለው ስሙ አወቀው። ሁለቱ በትምህርት ገበታ ላይ አልተገናኙም፤ የአንደኛው እጅ በሌላው ኑሮ ላይ እንደምን እንዳረፈ ግን ወደፊት እናያለን።

የጋላክቲዮን የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1914 ታተመ። በተከታዩ ዓመት የጻፋቸው «የምታጽሚንዳ ጨረቃ» እና «ማርያም» የተባሉት ግጥሞቹ፣ በ1919 የወጣው ሁለተኛ መጽሐፉም የጆርጂያን ግጥም መልክ ለወጡት። ከዚያ በፊት የአገሩ ግጥም በአመዛኙ ለስብከትና ለቅስቀሳ ያገለግል ነበር፤ እሱ ግን ቃሉ ራሱ እንደ ዜማ እንዲፈስ፣ ሐሳቡም በቀጥታ ከመነገር ይልቅ በምስልና በድምፅ እንዲገለጥ አደረገ። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ ዓይነቱ አነጋገር ባዕድ አይሆንበትም።

በዚያው ዘመን፣ በ1916 ገደማ፣ በኩታይሲ ከተማ ወጣት ባለ ቅኔዎች ተሰባስበው «ሰማያዊ ቀንዶች» የተባለ የሥነ ጽሑፍ ቡድን አቋቋሙ። ቀንድ ሲሉ እንደ ጥንቱ ዋንጫችን ከቀንድ የተሠራ የወይን መጠጫ ማለታቸው ነው። የቡድኑ ዋና ዋና ሰዎች ፓኦሎ ያሽቪሊና የጋላክቲዮን የአጎት ልጅ ቲጺያን ታቢዜ ነበሩ። ጋላክቲዮን በአጻጻፉ ቢቀርባቸውም ቡድን መግባትን የማይወድ፣ ለብቻው መጓዝን የመረጠ ሰው ነበር። የእነዚህ የሦስት ሰዎች ዕጣ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ቋጠሮ ተቋጠረ።

አብዮቱ በቤቱ ውስጥ

የሩሲያ አብዮት በ1917 ሲፈነዳ ጋላክቲዮን በሩሲያ ነበርና የዘመኑን መናወጥ በቅርብ ተመለከተ። ጆርጂያ በ1918 ነጻነቷን አወጀች፤ በ1921 ቀዩ ጦር ትብሊሲ ገብቶ የሶቪየት ሥልጣንን አቋቋመ፤ በ1924 የተነሣውም አመፅ በኃይል ተደመሰሰ። እንግዲህ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ትውልድ የዛርን ውድቀት፣ የነጻ መንግሥትን መቋቋም፣ የዚያን መንግሥት መፍረስና የአዲስ ሥርዓትን መምጣት አየ ማለት ነው።

ጋላክቲዮን አዲሱን ሥርዓት እንደ ባላጋራ አልተቀበለውም። ስለ አብዮት፣ ስለ አዲስ ዘመን፣ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ግጥሞች ጽፏል። ይህን ያደረገው ከልቡ ነው ወይስ ከፍርሃት? ብለን ብንጠይቅ አንድ ቁም ነገር መዘንጋት የለብንም፤ አብዮቱ ከበሩ ውጪ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ አልነበረም፤ በገዛ ቤቱ ውስጥ ይኖር ነበር። ሚስቱ ኦልጋ ኦኩጃቫ ከ1917 በፊት ጀምሮ ለአብዮቱ ከታገለ ቤተሰብ የተገኘች ሴት ናት። ወንድሞቿ የታወቁ ቦልሼቪኮች ነበሩ። ከእነሱም አንዱ ሚኼይል ኦኩጃቫ በ1922 በጆርጂያ ኮሙኒስት ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ በጸሐፊነት ሠርቷል።

ችግሩም የጀመረው ከዚሁ ነው። ጆርጂያ ወደ ሶቪየት ኅብረት የምትገባው በምን አኳኋን ይሁን በሚለው ጥያቄ ላይ እነ ሚኼይል ኦኩጃቫና ጓደኛው ቡዱ ምዲቫኒ ከስታሊን ጋር በግልጽ ተጋጩ። ሌኒን በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ለእነሱ ቢያዝንም በሽታው ጸንቶበት ነበርና ሊረዳቸው አልቻለም። ስታሊን ቂሙን አልረሳም። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1937፣ ምዲቫኒና ሚኼይል ኦኩጃቫ ፈጣን ፍርድ ተፈርዶባቸው ተረሸኑ። ሲረሸኑ የተሰጣቸው ስም «የሕዝብ ጠላት» የሚል ነበር። ለሕዝቡ ሲሉ በዛር ዘመን የታገሉ ሰዎች በሕዝቡ ስም ሞቱ።

የክብር ዓመታት

ከዚህ ቀደም ብሎ ግን ለባለ ቅኔዎቹ የክብር ዓመታት መጥተው ነበር። በ1932 የሶቪየት ፓርቲ አመራር በየፈርጁ የነበሩትን የሥነ ጽሑፍ ቡድኖች አፍርሶ ደራስያን ሁሉ በአንድ ማኅበር ሥር እንዲጠቃለሉ ወሰነ። በ1934 በሞስኮ የተደረገው የመጀመሪያው የደራስያን ጉባኤ ሶሻሊስት ሪያሊዝምን የሥነ ጽሑፍ ብቸኛ መመሪያ አድርጎ አጸደቀ። በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የሚጻፈው ሥነ ጽሑፍም በቅርጹ ብሔራዊ፣ በይዘቱ ሶሻሊስት እንዲሆን ተደነገገ።

የዚህ ማኅበር አሠራር ሊጤን የሚገባው ነው። ማኅበሩ የውይይት ክበብ ብቻ አልነበረም። የመኖሪያ ቤት፣ የማረፊያና የሕክምና ቦታ፣ የገንዘብ እርዳታ፣ ከሁሉም በላይ መጽሐፍ የማሳተም ዕድል የሚገኘው በማኅበሩ በኩል ነበር። ማተሚያ ቤቱም፣ ወረቀቱም፣ ጋዜጣውም የመንግሥት በመሆናቸው ከማኅበሩ የተባረረ ደራሲ ሌላ የሚሄድበት አሳታሚ አልነበረውም። አባልነት እንጀራ ነበር። በእንጀራው ላይ የሚያዝዝ ደግሞ በቃሉ ላይ ለማዘዝ ብዙ ድካም አያስፈልገውም።

ጋላክቲዮን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከፍተኛውን ወንበር አገኘ። በ1933 «የጆርጂያ የሕዝብ ባለ ቅኔ» የሚል ማዕርግ ተሰጠው። በ1935 በፓሪስ ከተማ በተደረገውና ባህልን ከፋሺዝም ለመከላከል በተጠራው ዓለም አቀፍ የደራስያን ጉባኤ ላይ ከሶቪየት ልዑካን አንዱ ሆኖ ተገኘ። በ1936 የሌኒን ኒሻን ተሸለመ። የአጎቱ ልጅ ቲጺያንና ፓኦሎ ያሽቪሊም በበኩላቸው ዝናቸው ከጆርጂያ ድንበር አልፎ ነበር። ታላቁ የሩሲያ ባለ ቅኔ ቦሪስ ፓስተርናክ በ1931 ወደ ትብሊሲ መጥቶ የቅርብ ወዳጃቸው ሆነ፤ ግጥሞቻቸውንም ወደ ሩሲያኛ መልሶ በ1935 በመጽሐፍ አሳተመ።

ላይ ላዩን ለተመለከተው ይህ የመንግሥትና የኪነ ጥበብ የደስታ ሠርግ ይመስል ነበር። በዚያው ጊዜ ግን በጆርጂያ የፓርቲው መሪ ላቭሬንቲ ቤርያ ነበር። ይህ ሰው ከፀጥታ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ተነሥቶ በ1931 ፓርቲውን የያዘ፣ ከሰው ሁሉ ፍርሃትን እንጂ ፍቅርን የማይጠብቅ ባለ ሥልጣን ነበር። በፓሪስ አዳራሽ ባህልን ከፋሺዝም እንከላከል የሚል ድምፅ ከተሰማ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በትብሊሲ ባህሉን የሚከላከልለት አጣ።

በማኅበሩ አዳራሽ

በትብሊሲ ማቻቤሊ በሚባለው መንገድ ላይ ዳቪድ ሳራጂሽቪሊ የተባለ የኮኛክ ፋብሪካ ባለቤት በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ያሠራው ያማረ ቤት ይገኛል። በሶቪየት ዘመን ይህ ቤት ለደራስያን ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። በ1937 በዚህ ቤት ይደረጉ የነበሩት ስብሰባዎች ስለ ግጥምና ስለ ልቦለድ መነጋገሪያ መሆናቸው ቀርቶ አንዱ ሌላውን የሚከስባቸው ሸንጎዎች ሆኑ። አሠራሩ የተለመደ ነበር። አንድ ሰው በጋዜጣ ይነቀፋል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ የተነቀፈው ሰው ራሱን እንዲወቅስና ጓደኞቹን እንዲያጋልጥ ይጠየቃል፤ ጓደኞቹም እንዲሁ ይጠየቃሉ። ዝም ያለ ተባባሪ ይባላል፤ የተናገረም ቢሆን በሚቀጥለው ስብሰባ አይድንም።

ፓኦሎ ያሽቪሊ ጓደኛውን ቲጺያንን እንዲያወግዝ ይገደድ ነበር። በጁላይ 22 ቀን 1937 በዚሁ በማኅበሩ ቤት ውስጥ ራሱን ገደለ። የተሰበሰቡት ደራስያን ግን ሐዘን አልተቀመጡም፤ እንዲቀመጡም አልተፈቀደላቸውም። የሟቹን ድርጊት ፀረ ሶቪየት ትንኮሳ ነው ብሎ የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ ቀረበላቸው። በዚያ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሟቹን ድፍረት ያመሰገነው ልቦለድ ደራሲው ሚኼይል ጃቫኺሽቪሊ ብቻ እንደነበረ ይታወቃል። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጃቫኺሽቪሊን «የሕዝብ ጠላት» ብሎ ከማኅበሩ አባረረው፤ በአካልም እንዲጠፋ ጠየቀ። ይህን የጠየቁት ወታደሮች ወይም ዳኞች ሳይሆኑ ብዕር የያዙ ሰዎች መሆናቸው ይሰመርበት። ሃያሲው ጌሮንቲ ኪኮዜ ብቻ ድምፅ አልሰጥም ብሎ ከስብሰባው ወጥቶ ሄደ። ጃቫኺሽቪሊ በኦገስት ተይዞ በሴፕቴምበር መጨረሻ ተረሸነ።

በኦክቶበር ተራው የቲጺያን ታቢዜ ሆነ። በምርመራ ላይ ግብረ አበሮችህን ተናገር ተብሎ ሲሠቃይ የአንድ ሰው ስም ብቻ እንደሰጠ ይነገራል፤ ይኸውም በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው ባለ ቅኔ የቤሲኪ ስም ነው። መርማሪዎቹ ከሞተ 146 ዓመት የሆነውን ሰው እንዲፈልጉ መላኩ ነበር። ቲጺያን በዲሴምበር 1937 ተረሸነ። ሚስቱ ኒና ግን መሞቱ በጊዜው ስላልተነገራት ይመለሳል እያለች ለሃያ ዓመት ያህል በተስፋ ኖረች። ፓስተርናክ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ደብዳቤ እየጻፈ፣ እየረዳ ከጎኗ አልተለየም። እውነቱ የታወቀው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው።

የተረፈው ሰው

ጋላክቲዮን ተረፈ። ለምን እንደተረፈ በእርግጠኝነት የሚያስረዳ ደንብ የለም። ሽብር ሚዛን የለውምና መሞት የጥፋተኝነት ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ መትረፍም የክህደት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሌኒን ኒሻን ደረቱ ላይ ነበር፤ ስሙም በየትምህርት ቤቱ ይጠራ ነበር። በዚያው ዘመን ሚስቱ ኦልጋ ተይዛ ታሠረች።

የኦልጋ መጨረሻ ለብዙ ዓመታት በምስጢር የተያዘ ታሪክ ነው። በ1941 የናዚ ጦር ወደ ሩሲያ ዘልቆ ወደ ኦርዮል ከተማ ሲቃረብ፣ በከተማዋ እስር ቤት የነበሩ የፖለቲካ እስረኞች በጠላት እጅ እንዳይወድቁ ተብሎ እንዲረሸኑ ታዘዘ። ትእዛዙን የፈረመው ስታሊን ራሱ ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1941፣ በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኘው በሜድቬዴቭ ጫካ 157 እስረኞች ተረሸኑ። ከእነሱም መካከል የታወቁት አብዮተኞች ክርስቲያን ራኮቭስኪና ማሪያ ስፒሪዶኖቫ ነበሩ፤ የባለ ቅኔው ሚስት ኦልጋ ኦኩጃቫም አብራቸው ነበረች። ፋሺዝምን ለመዋጋት ከማንም የማያንሱ ሰዎች ፋሺስቱ ሳይደርስባቸው በገዛ መንግሥታቸው ጥይት ወደቁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1944፣ መንግሥት ጋላክቲዮንን የጆርጂያ የሳይንስ አካዳሚ አባል አደረገው። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አርእስት ኒሻንና መርዶ ከአንድ እጅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ማዕርግ ሰጪውም፣ ሚስት ነጣቂውም አንድ መንግሥት ነበር። ለሽልማቱ ምስጋና ይጠበቅበታል፤ ስለ ሐዘኑ ግን ማልቀስ እንኳ ወንጀል ነው። የሟች ቤተሰብ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አልቅሶ የሚወጣለት የእኛ አገር ሰው የዚህን ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። ሐዘን ያልተቀመጡለት ሞት ከቤት አይወጣም።

ጋላክቲዮን በመጠጥ ተዘፈቀ፤ በከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ተያዘ። በአደባባይ ከዘመኑ ጋር የሚስማማ ግጥም ያወጣ ነበር፤ ለብቻው ሲሆን ግን በማስታወሻ ደብተሮቹ ላይ ሌት ተቀን ይጽፍ ነበር። ስታሊን በ1953 ሞተ፤ ቤርያም በዚያው ዓመት ተይዞ ተገደለ። በ1956 ክሩሽቼቭ የስታሊንን ወንጀሎች በፓርቲው ጉባኤ ላይ ገለጠ፤ ያሽቪሊና ቲጺያን ታቢዜም ስማቸው ነጻ ወጥቶ መጽሐፎቻቸው እንደገና መታተም ጀመሩ። ለባለ ቅኔው ግን ፍትሑ የመጣው ዘግይቶ ነው። በማርች 17 ቀን 1959 በትብሊሲ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

የተቀበረው በወጣትነቱ ጨረቃዋን በዘመረላት በምታጽሚንዳ ተራራ ላይ፣ የጆርጂያ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት የመቃብር ስፍራ ነው። በዚያው ስፍራ ኢሊያ ቻቭቻቫዜና አካኪ ጼሬቴሊ አርፈዋል። በ1937፣ ባለ ቅኔዎቹ በሚታደኑበት ዓመት፣ የሞተችው የስታሊን እናትም እዚያው ተቀብራለች። ከ1966 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት የጋላክቲዮን ሥራዎች ተሰባስበው በ12 ቅጽ ታተሙ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንገነዘባለን?

አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ የተፈጸመው ሁሉ የተፈጸመው በወዛደሩና በሰፊው ሕዝብ ስም ነው። ነገር ግን የትኛው የትብሊሲ ወዛደር ነው ያሽቪሊ እንዲሞት የጠየቀው? የትኛው የወይን ገበሬ ነው የቲጺያንን ግጥም ከመደብሩ አስወግዱልኝ ያለው? ቲጺያን በመረሸኑ የአንድም ሠራተኛ ደመወዝ አልጨመረም፤ የአንድም መንደር ወፍጮ አልተተከለም። ሕዝቡ ያተረፈው ልጆቹ የማያነቧቸው መጽሐፎችና ያልተለቀሱ ሙታን ብቻ ነው። ስለዚህ በሠራተኛው ስም አንድ ነገር ሲታወጅ፣ ሠራተኛው ተጠይቋል ወይ? ብሎ መመርመር የሠራተኛው የገዛ መብቱና ግዴታው ነው።

ሁለተኛ፣ ሽልማት ለዝምታ የሚከፈል ዋጋ ሆኖ ሲገኝ ሸላሚውንም ተሸላሚውንም ያዋርዳል። አንድ መንግሥት ደራስያኑን ማክበሩ መልካም ነው፤ ቤት መስጠቱም፣ መጽሐፋቸውን ማሳተሙም የተቀደሰ ተግባር ነው። የሰጠውን ሁሉ በአንድ ስብሰባ የሚነጥቅ ከሆነ ግን ስጦታው ገመድ ነው። ደራሲው የሚያወድሰው የሚያምንበትን ይሁን የሚፈራውን ለማወቅ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ሲደረስ፣ ሥልጣን የያዘውም ክፍል የሕዝቡን እውነተኛ ስሜት የሚያይበትን መስተዋት በገዛ እጁ ሰብሯል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጋላክቲዮን ከነድካሙ መታየት አለበት። የውዳሴ ግጥሞች መጻፉን መሸሸግ አይገባም፤ በዚያም ምክንያት የቀሩትን ሥራዎቹን መጣል አይገባም። ዛሬ በጆርጂያ ልጆች በቃላቸው የሚይዟቸው ግጥሞች ኮሚቴ ያዘዛቸው አይደሉም። ይህም ሲባል ሕዝብ የራሱ ወንፊት አለው ማለት ነው፤ ጊዜ ቢፈጅም ገለባውን ከፍሬው ይለያል። ከዚያው ከተመታው ከኦኩጃቫ ቤተሰብ ቡላት ኦኩጃቫ የተባለ ልጅ ወጥቷል። አክስቱ ኦልጋ ናት፤ አባቱ በ1937 ተረሽኗል፤ እናቱ ለዓመታት በግዞት ማቅቃለች። እሱ ግን ጊታር ይዞ በሶቪየት ኅብረት ከዳር እስከ ዳር የተሰማ ባለ ቅኔና ዘፋኝ ሆነ።

በመጨረሻም ወደ ማኅበሩ አዳራሽ እንመለስ። በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ደራስያን አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሚስትና ልጅ ያላቸው፣ ቤታቸውን እንዳይነጠቁ የሚሰጉ፣ «እኔ ብቻዬን እጄን ባላወጣ ምን ይለወጣል?» ብለው ያሰቡ ሰዎች ነበሩ። ማንም ሰው ከምቹ ወንበሩ ሆኖ በእነሱ ላይ ሊፈርድ አይቸኩል። ይሁን እንጂ ሁሉም እንዲህ በማሰባቸው «በአንድ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ቃለ ጉባኤውም የሰው ሕይወት በላ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ተነሥቶ የተናገረው አንድ፣ ወጥቶ የሄደውም አንድ ነበር። የተናገረው ተገደለ፤ ወጥቶ የሄደው ኖረ። ሁለቱም ግን ስማቸው በውሳኔው ሥር የለም።

የስብሰባ አዳራሽ በየአገሩ አለ፤ በየመንደሩም፣ በየመሥሪያ ቤቱም አለ። በዚያ የሚቀርበው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ጥበቃ፣ ስለ ማኅበር መዋጮ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አጀንዳው በስብሰባው ላይ የሌለ ሰው ይሆናል፤ ክሱ ይነበባል፤ ማስረጃው አይቀርብም፤ ተከሳሹ አይሰማም፤ እጅ አውጡ ይባላል። እንዲህ ያለ ሰዓት ሲመጣ አባላት ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል። ሰውየው ራሱ ቀርቦ ተሰምቷል ወይ? ማስረጃው የት አለ? ይህን ውሳኔ የሚጠቅመው ለማን ነው? ጥያቄዎቹ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍሩም ይጠይቁ። የተሰብሳቢ እጅ የገዛ እጁ ነውና ማስረጃው እስኪቀርብ ድረስ ከጠረጴዛው ላይ አያንሣው።